የኩሬው ምሥራቅ ዳር ለምን ይቀዘቅዛል

ዘመሮ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ይድረስ ውኃ ላይ ለምትውለው ልጄ ለጽናት አባይነህ፤

ጽንዬ፣ ጤናሽን ልጠይቅሽ ብል መልሱ እኔ ዘንድ እስኪደርስ መርከባችሁ ሌላ አገር ትገባለች። ስለዚህ ደኅና ነሽ ብዬ፣ ደኅናም እንድትሆኚ በየጠዋቱ የምለምነውን ለምኜ፣ በቀጥታ ወደ ወሬዬ ልግባ። እኛ ደኅና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ አፉን ስላላመመው ግን ቤቱ እንደ ድሮው ነው። ነጯ በግ መንታ ወልዳለች። እህትሽ መሲ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው፤ እቤት ስትመጣም እኛን እጃችንን አውጥተን እንድንናገር ትፈልጋለች። ይህን ወረቀት ገጽ በገጽ በስልኳ አንስታ የምትልክልሽ እሷ ናት። ኔትወርክ ያለበት ወደብ ስትደርሱ ይገባልሻል።

«እማ፣ ምን አደከመሽ፣ በድምፅ ቅጂላት» ብላኝ ነበር። በድምፅ ስናገር አባትሽ ከጎን ሆኖ ያርመኛል። ደግሞ የዛሬው ወሬዬ ውስጥ ጥፋት አለበት፤ ጥፋት ረጋ ብሎ ነው የሚነገረው። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ጠማማ ቢሆንም ታግሰሽ አንብቢው።

ጥፋቱን ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የጨፌው ኩሬ ምሥራቁ ዳር ከምዕራቡ ዳር ለምን ይቀዘቅዛል? ቆይ፣ አትመልሺ! መልሱን ራሴ አግኝቼዋለሁ። ይህን ያህል የምቸኩለውም እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የጥምቀት ሰሞን የደወልሽልንን ታስታውሻለሽ? ፔሩ የሚባል አገር ገብታችሁ ነበር። መቼም ወሬሽን ቃል በቃል ነው የምይዘው። «ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የባሕር ውኃ እናስገባለን፤ የሚገባውን ውኃ ሙቀት በየአራት ሰዓቱ መዝገብ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ» አልሽ። «ከኢንዶኔዥያ ስንነሳ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። እዚህ ፔሩ ስንደርስ አሥራ ስምንት ሆነ።» እኔም እንደ ልማዴ ዘልዬ ገባሁ።

«አገሩ ደጋ ነው?»

«እማ ደግሞ፣ ባሕር ምን ደጋ አለው! ሁለቱም ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው። ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው።»

«ታዲያ ምን አቀዘቀዘው?»

«ንፋስ» አልሽኝ። «በዚህ በትልቁ ባሕር ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ንፋስ አለ። ፀሐይ ያሞቀችውን የላዩን ውኃ እየገፋ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ይከምረዋል። በፔሩ በኩል የላዩ ሲሄድበት የሥሩ ቀዝቃዛ ውኃ ቦታውን ሊይዝ ይወጣል።»

«ውኃ ይከመራል እንዴ? ጭድ ነው?»

«ይከመራል። የዚያኛው ዳር ከዚህኛው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላል። ንፋሱ የደከመ ዓመት ደግሞ የተከመረው ሙቅ ውኃ ተመልሶ ይንሸራተታል፤ ደመናም ሙቁን ውኃ ተከትሎ ቦታ ይለውጣል።»

እኔ እንግዲህ እግሬን እሳት ዳር ዘርግቼ ይህን ስሰማ ጉድ ነው ያልኩት። ንፋስ በሩን ሲያንኳኳ፣ ሣር ክዳን ሲነቅል ነው የማውቀው። ባሕር የሚያህል ነገር አንሥቶ ሙቀቱን ከአገር አገር ይወስዳል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ የበልጉን ነገር አነሣሽ። ሁለተኛው መኮንን የአየሩን ካርታ ሲያይ አጠገቡ ሆነሽ እየጠየቅሽ የተማርሽው መሆኑን ነግረሽኛል። «ዘንድሮ ንፋሱ በርትቷል፤ ሙቁ ውኃ በምዕራብ በኩል በደንብ ተከምሯል። እዚያ ላይ የሚወጣው አየር ዞሮ ወደ እኛ አካባቢ ይወርዳል፣ የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና ያደርቃል። እንዲህ ባለ ዓመት በልጋችን ሊያንስ ይችላል። ምናልባት ነው፣ እማ። ለእኛ የሚቀርበው የህንድ ውቅያኖስ የራሱ ጸባይ አለው፤ ሁሉንም ሊገለብጠው ይችላል። ምናልባት።»

ሁለት ጊዜ ነው ምናልባት ያልሽው። ቆጥሬዋለሁ። ጥፋቴም ከዚህ ይጀምራል።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰብስበን ዳቦው ሲቆረስ ወሬዬን አመጣሁ። እንዴት አላመጣ! የማን ልጅ ናት የባሕሩን ሙቀት በየአራት ሰዓቱ የምትጽፈው? መጀመሪያ ለጎረቤታችን ለጠጄ ስነግራት «ምናልባት» ነበረበት፣ በእመቤቴ እልሻለሁ። ሁለተኛ ስናገረው «ምናልባት»ን ዝቅ ባለ ድምፅ አልኳት። ሦስተኛው ዙር ላይ ሰዉ ሁሉ ዳቦውን እጁ ላይ ይዞ አፌን አፌን ሲያየኝ፣ አላመጣኋትም። ወሬውን ታቀዘቅዝብኛለች።

የጠጄ ባል ፈንታ፣ ታውቂው የለ፣ ነገር ቁርጥ ካላለ የማይገባው፣ ዐይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ እንግዲህ ዘንድሮ በልግ የለም በይኛ?»

«የለም» አልኩ።

አንዲት ቃል። ተናግሬ ዳቦዬን ጎረስኩ።

ፈንታ ለበልግ ያስቀመጠው ዘር ገብስ ነበረው። የልጁም ሠርግ ከጾሙ በፊት ነበር፤ ሙሽራዋ ከራቤል ናት፣ ረዥም፣ ቆንጆ፣ ትንሽ ኮራ ያለች። ድግሱን በልክ ሊያደርገው አስቦ የነበረው ሰውዬ፣ በልግ ከሌለ ዘሩ ምን ይሠራል ብሎ ጎተራውን ገለበጠው። ጠላ ሆነ፣ በሶ ሆነ፣ ቆሎ ሆነ። የራቤል ሰዎች እስከዛሬ ያወሩታል። እኔም ጠጥቻለሁ ልጄ። ምን ልዋሽሽ፣ ጠላው ማለፊያ ነበር።

የካቲት ሃያ ሦስት ዝናቡ መጣ።

እንደው ጠብ ጠብ ያለ እንዳይመስልሽ። መሬቱ እስኪጠግብ ሦስት ቀን ዘነበ፣ ፋታ ሰጥቶ ደገመ። የሰማኝ ሁሉ የፈንታን ያህል አላመነኝም ነበርና ሰዉ በሬውን ጠምዶ ወጣ። አባትሽም «አንቺ የለም ብትዪም መጣ» እያለ እየሣቀ ዘራ። የፈንታ ማሳ ብቻ በዚያ ሁሉ ጥቁር እርሻ መሐል ሳይነካ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምናልፈው በእሱ ዳር ነው። ሰው ሁሉ እያየው ያልፋል፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ፈንታ ሰላምታ ተወን። እሱስ ይሁን። ጠጄ ግን ምንጭ ላይ፣ እንስራዋን ሞልታ ሳትነሣ፣ በሰው ፊት ምን አለች መሰለሽ?

«የአባይነህ ልጅ እዚያ ባሕሯ ላይ ሆና ዘራችንን አስጠጣችን። እነሱማ ዘርተዋል!»

ሴቶቹ ሣቁ። አንዷ «የባሕር ደብተራ» አለችሽ። በመሲ ክፍልም አንድ ተማሪ «የእትዬ መሲ እህት ዝናብ አባራሪ ናት» ብሎ ጽፎ ተገኘ። እንግዲህ በእኔ አፍ የወጣው አንቺ ላይ ሄዶ ዐረፈ። «ኧረ እሷ እንዲህ አላለችም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ወሬ አልቆባት የማታውቀው እናትሽ እንስራዬን አዝዬ ዝም ብዬ ሄድኩ። አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ስትደውዪም የነገርኩሽ ስለ በጎቹ ነው። መሲ እያየችኝ ነበር፣ አንቺ ግን ምንም አላወቅሽም።

አሁን ወደ ኩሬው እንምጣ።

አባትሽ ከገና ጀምሮ አንድ ለብርድ የሚደረብ የበግ ጠጉር ባና ሲሸምን ነው የከረመው። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ። የማን እንደሆነ ጠይቄው «የሰው ነው» አለኝ። ባና ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ወንፊት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ውኃ ውስጥ በእግር ተረግጦ ነው ጠጉሩ ተያይዞ የሚጠብቀው። መጋቢት መጨረሻ ላይ ይዤው ወደ ጨፌው ኩሬ ወረድኩ። መርገጫው ድንጋይ ያለው በምዕራቡ ዳር ነው፤ እናቴም እዚያ ነው የረገጠችው፣ የእናቴም እናት። የዚያን ቀን ግን ጠጄ ቀድማኝ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ዐይኗን ላለማየት ብዬ ዞሬ በምሥራቁ ዳር ገባሁ።

ጽንዬ፣ እግሬ የተቆረጠ ነው የመሰለኝ! ፀሐዩ ጠራራ ነው፣ ከሰዓት ነው፣ ውኃው ግን እንደ ሌሊት ውርጭ። ጮኼ ወጣሁ። ጠጄ በወዲያ ማዶ እስከ ጉልበቷ ገብታ ተደላድላ ታጥባለች። እንዴት? አንድ ኩሬ፣ አንድ ፀሐይ። ይህን ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ «ታዲያ ምን አቀዘቀዘው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ሁሌም እንደሚያደርገው ንፋሱ ከቆላው በኩል፣ ከምሥራቅ፣ ገደሉን ወጥቶ ይነፍሳል። ውኃው ላይ የወደቀው ሣርና አረፋ ሁሉ ምዕራቡ ዳር፣ ጠጄ እግር ሥር ተሰብስቧል።

በማግሥቱ አንድ ቁና እብቅ ይዤ ሄድኩ። ሰው ያበደች ይበል! በጠዋት ንፋስ ሳይነሣ እብቁን ውኃው ላይ በተንኩት፤ ባለበት ቆመ። ሁለቱም ዳር እኩል ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ስትበረታ ላዩ ለዘብ አለ፤ ሁለቱም ዳር እኩል ለዘብ አለ። ንፋሱ ሲነሣ እብቁ እንደ በግ መንጋ ወደ ምዕራብ ተነዳ። ቆይቼ እግሬን ስነክር ምዕራቡ ደስ ይላል፤ ምሥራቁ ያቃጥላል፣ በብርድ ማለቴ ነው። ላዩ ሄዶ የሥሩ ወጥቷል። ኢንዶኔዥያና ፔሩ እዚሁ ከጨፌው ሥር ነበሩ ለካ! እናቶቻችን ድንጋዩን ምዕራብ ዳር ያስቀመጡት እግራቸው የሚያውቀውን አውቀው ነው። እኔ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም ነበር።

አላቆምኩም። በየቀኑ ሄድኩ። አንድ ቀን ንፋሱ ድንገት ሲቆም ምሥራቅ ዳር ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ሙቁ ውኃ ቀስ እያለ ተመልሶ ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ ዕንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ቀን ደግሞ እንደለመድኩት «አሁን ምዕራቡ ይሞቃል» ብዬ ለአባትሽ አስቀድሜ ተናግሬ ሄድኩ፤ ከጓሳው ደጋ በኩል ያልታሰበ ንፋስ ወርዶ ሁሉንም አደበላለቀው። የትኛውም ዳር አልሞቀ። እብቁ ዙሪያውን ይዞራል።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ይህች ኩሬ በድንጋይ ውርወራ የምትታለፍ ናት። ውኃዋን ጠጥቼ አድጌ እሷን እንኳ ለአንድ ከሰዓት አላወቅኳትም። ልጄ ግን ያንን ማለቂያ የሌለውን ባሕር በየአራት ሰዓቱ እየለካች «ምናልባት» አለች፤ እኔ ዳቦ በእጄ ይዤ «የለም» አልኩ።

መምሬ አትናቴዎስ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ጨርሰው ሰሙኝና «ለእኔ ነግረሽ ምን ይሆናል ጥሩሸዋ፣ በተናገርሽበት ቦታ ንገሪ እንጂ» አሉኝ። ፋሲካ አልፎ በመጀመሪያው ሰንበቴ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ልጄ በልግ የለም አላለችም» አልኩ። «ሊያንስ ይችላል፣ ምናልባት ነው፣ ብላ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ስሟን አትጥሩ፣ እኔን ጥሩኝ።»

ከዚያ ጠጄ ናት የተናገረችው።

«ምናልባቷንስ ምን አደረግሻት?»

«በላኋት።»

«በእኛ ጠላ አወራርደሽ!»

ሰዉ ሁሉ በሣቅ ፈረሰ፤ እሷም ሣቋን መቆጣጠር አቃታት። ፈንታ ግን አልሣቀም። ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ከእኛ ዘር የተረፈ ገብስ ነበር። በአህያ ጭኜ ላክሁለት፤ አህያዋ ከነጭነቷ ተመለሰች። ሁለተኛ ላክሁ፤ ተመለሰች። በሦስተኛው አባትሽ በዚያ ጉልበቱ አህያዋን እየነዳ ራሱ ሄደ። አጥሩ ላይ ደገፍ ብሎ «ፈንታ፣ ይህ ዘር የጥሩሸዋ አይደለም፣ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ እስከዛሬ ምንም አላልኩህም» አለው። ፈንታም «እሷ ባለችበት ቤት መቼ ተራ አግኝተህ!» ብሎ አህያዋን አራገፈ።

ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን ዘራ። ዘግይቷል ልጄ። የእኛ ገብስ ዘለላ ሊያወጣ ነው፤ የእሱ ገና ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። የሐምሌው በረዶ ሳይደርስበት ያፈራ እንደሆነ በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ። አሁን ነጠላዬን አላስተካክልም፣ ቆሜ ነው የማየው።

ባለፈው ሐሙስ ባናውን ለመጨረሻ ጊዜ ልረግጥ ወረድኩ። ሮጥ ያለ ኮቴ ሰምቼ ዞር ስል ፈንታ ነው። ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ገባና በወዲያ ጫፍ መርገጥ ጀመረ። ባና በሁለት ሰው ሲረገጥ ነው የሚያምረው። ብዙ ረገጥን። በመጨረሻ እሱ ተናገረ።

«እውነት ነው ይህ የኩሬው ነገር? ጠጄ እብቅ ስትበትኚ አይታ ነግራኝ ነው።»

«ሂድና በምሥራቁ ዳር ግባ።»

ሄዶ ገባ። ጩኸቱን ዘመሮ ድረስ የሰሙት ይመስለኛል። ተመልሶ እየተንቀጠቀጠ አሳየኝ አለ፤ እብቁን በትኜ አሳየሁት። ስለ ፔሩ ነገርኩት፣ ስለ ኢንዶኔዥያ፣ ስለ ክንዱ።

«እና ክረምቱስ፣ እትዬ? እንዴት ነው የሚሆነው?»

አፌን ከፈትኩ። የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ታውቂኛለሽ።

«አላውቅም» አልኩት።

ፈንታ ሣቀ፤ ከሠርጉ ወዲህ ሲሥቅ አላየሁትም ነበር። «ይህችን ቃል ከአንቺ አፍ ለመስማት አንድ ጎተራ ገብስ ፈጀብኝ!» ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፤ «ጽናት ስትደውል ጠይቂያት። አይ፣ ተዪው። ስልኩን ለእኔ ስጪኝ፣ ራሴ እጠይቃታለሁ።»

ስለዚህ ልጄ፣ ከቻልሽ እሑድ ቀን ደውዪልን፣ ሰንበቴ ቤት ሳለን። መሲ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሐል ታስቀምጠዋለች። እኔ አንዲት ቃል አልናገርም፤ ዳቦ እጎርሳለሁ። ንፋሱ አሁንም እንደበረታ ነው ወይስ ደክሟል? ያ አሥራ ስምንቱ አሁን ስንት ሆኗል? ምናልባትሽንም አንድ ሳታስቀሪ ንገሪያቸው። የሚሰሙሽ ይመስለኛል።

አባትሽም ደብተር ይዟል። በየጠዋቱና በየማታው ኩሬው ድረስ እያነከሰ ወርዶ እጁን ይነክራል። ቴርሞሜትር ስለሌለው የራሱ ዲግሪ አለው፤ «ያስጮኻል»፣ «ያስችላል»፣ «ደስ ይላል»። በጎኑ ንፋሱ በየት እንደመጣ ይጽፋል። አንቺ የምትደውዪበት ቀን ላይ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ክብ ያደርጋል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «መለኪያ ነው» አለኝ።

ባናው አለቀ። ትናንት ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲገባ የማን እንደሆነ ነገረኝ፤ የአንቺ ነው። እኔ ሣቅሁበት። «አንተ ሰው፣ ሞተሩ ያለበት ክፍል አርባ አምስት ዲግሪ ነው፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው የምውለው አላለችም? ባና ምን ያደርግላታል?»

ጠርዙን እየዳበሰ፣ «የሚሞቀው ላዩ ነው» አለኝ። «ሥሩ ቀዝቃዛ ነው ብላ የለ?»

በፖስታ እንልከው ብዬ አንሥቼው ነበር፤ ከብዷል፣ በፖስታ የሚሄድ አይደለም። አልጋሽ ላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

ከሥርሽ ያለውን ውኃ የሚያውቅ እሱ ከላይሽም ያለውን ንፋስ ልክ ያድርግልሽ። የምትጽፊውን ቁጥር አያሳስትብሽ፤ እጅሽን ከሞተሩ፣ እግርሽን ከመወጣጫው ይጠብቅልሽ። የምትረግጪው ሁሉ ምዕራብ ዳር ይሁንልሽ።

እናትሽ ጥሩሸዋ